ክፈት፣ ልጄ

ሽማግሌው ዶክተር በጨለማው ክፍል ወለል ላይ፣ ፊታቸውን ወደ በሩ እንዳዞሩ ሞተው ተገኙ። አንድ እግራቸው ጫማ የለውም። ጣቶቻቸው የበሩን ጠርዝ ያሸገውን ጥቁር ላስቲክ ጨምድደው እንደያዙ ደርቀዋል። የተጠራው ሐኪም ጎንበስ ብሎ አያቸውና «ዕድሜ ነው፤ ልባቸው ቆሟል» አለ። ሰባን ያለፉ ሰው ስለነበሩ የተከራከረው የለም።

ባልደረቦቹ «ቀስ በሉ» ብለው ስም ያወጡለት መርማሪ ግን ወለሉ ላይ ቁጢጥ ብሎ ያንን ላስቲክ ያይ ነበር። ልቡ የቆመበት ሰው ደረቱን ይይዛል እንጂ በር አይቧጥጥም። ይህን ለራሱ ብቻ አለ፤ ችኩል አፍ ብዙ ምርመራ እንዳበላሸ ያውቃል።

ክፍሉ የተሠራው ብርሃን ለማይወድ ነገር ነው። ላቦራቶሪው ከቫይታሚን ኤ ወገን የሆነ አዲስ መድኃኒት ይሞክራል። የልብና የደም ሥር ሴሎች ኖራ ይዘው እንደ አጥንት እንዳይደርቁ ያደርጋል ተብሎ ብዙ ተስፋ ተጥሎበታል። ግን ብርሃን ካየ ይበላሻል። ስለዚህ ጠርሙሱ ሁሉ በፎይል ይጠቀለላል፣ መስኮት የለም፣ የምትበራው አንዲት ደብዛዛ ቢጫ አምፖል ናት። የቁልፉ ቀዳዳ እንኳ ከውስጥ በኩል ተደፍኗል። ከውጭ ከተቆለፈ ውስጥ ያለው ሰው መክፈት አይችልም። ብርሃን የማያስገባ ክፍል ደግሞ አየርም አያስገባም።

መርማሪው ወደ ኮሪደሩ ወጣ። ከበሩ አጠገብ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሊንደር ቆሟል። ቱቦው ግድግዳውን በስቶ ገብቶ ሴሎቹ የሚያድጉበትን ሣጥን ይመግባል። ጠቋሚው ዜሮ ላይ ነው።

«ይሄ መቼ ተቀየረ?»

«ትናንት ጠዋት፣ እኔው ነኝ የቀየርኩት» አለ ቴክኒሻኑ፤ ዓይኑ በለቅሶ ቀልቷል። «ቢያንስ ወር ያስኬዳል።»

«ታዲያ በአንድ ሌሊት ማን ጠጣው?»

ቴክኒሻኑ በሩን ከፈተ። ውስጥ ሲገቡ ቱቦው ከሣጥኑ ተነቅሎ ከጠረጴዛው ሥር ተጋድሟል።

የክፍሉ ቁልፍ ከሟቹ ሌላ በሦስት ሰዎች እጅ ነበር፤ በምክትላቸው፣ በቴክኒሻኑና አብራቸው በምትመራመረው የእህታቸው ልጅ። ልጅቷ አባቷ በሕፃንነቷ ስለሞተ በአጎቷ ቤት ነው ያደገችው። «ትናንት ቀደም ብዬ ወጣሁ፤ እናቴ ታማ ብቻዋን ነበረች» አለች።

በታችኛው ፎቅ የምትሠራው የጽዳት ሠራተኛ ግን የሰማችው ነገር ነበረ።

«የሥራ መውጫ ሰዓት ላይ ወለሉን ስወለውል ከላይ በሚወርደው የውሃ ቧንቧ በኩል ድምፃቸው መጣ። “ክፈት፣ ልጄ! ክፈት!” አሉ። ቧንቧ ክፈት የሚሉት መስሎኝ ሥራዬን ቀጠልኩ። ወይኔ! ምን ነበረበት ሮጥ ብዬ ባየሁ ኖሮ!»

«ቃሉ “ክፈት” ነው? አልተሳሳትሽም?»

«ጆሮዬ ጤነኛ ነው፣ ጌታዬ። ክፈት ነው ያሉት።»

ከበሩ ውጭ የቆመው ወንድ ነው ማለት ነው። ነገሩ ሁለት ሰዎች ላይ ወደቀ።

ምክትሉ ክራቫቱን እያስተካከለ ሳቅ ሞከረ። «እኔን ነው “ልጄ” የሚሉኝ? የልጅ ልጅ አይቻለሁ እኮ! ተጣልተናል፣ አልክድም። የመጨረሻዎቹ ሴሎች ሳይታዩ መድኃኒቱ ለሰው አይሰጥም ብለው ድርቅ አሉ። እኔ ደግሞ ለጋዜጠኛ ሁሉ ተናግሬ ጨርሻለሁ። ግን በዚህ ሰው ይገደላል? ይልቅ ልጅ የሚባለውን ይጠይቁ።»

ልጅ የሚባለው ቴክኒሻኑ ነበር። «እኔን አንድ ቀን አንተ ብለውኝ አያውቁም» አለ። «“ይክፈቱ፣ ወንድሜ” ነው የሚሉኝ። ድመት መንገድ ላይ ብታጋጥማቸው “ይለፉ” የሚሉ ሰው ነበሩ።»

«ነፍስ አፍንጫ ላይ ስትደርስ አንቱታ ማን ያስታውሳል?» አለ ምክትሉ።

የመርማሪው አለቃም እንደ ምክትሉ አሰበ። ቴክኒሻኑን እስከ ማታ አስረህ አምጣ ብሎ ደወለ። መርማሪው «ቀስ በሉ» አለና ስልኩን ዘግቶ ወደ ሟቹ እህት ቤት ሄደ።

እናትየዋ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። እግራቸው አብጧል፤ ሁለት ቃል በተናገሩ ቁጥር ያርፋሉ።

«የልቤ በር… ኖራ ይዞታል ይላሉ። ለቀዶ ጥገና አቅም የለሽም አሉኝ። ወንድሜና ልጄ… በዚያ መድኃኒት ያድኑኛል ብዬ ነበር። አሁን እሱ ቀደመኝ።»

«ወንድምዎ መድኃኒቱ ለሰው አይሰጥም ማለታቸውን ሰምተዋል?»

«ለኔ ማን ይነግረኛል? እንደ እንቁላል ነው የሚይዙኝ።» ወደ ጓዳ ዞረው ተጣሩ። «ና እስቲ፣ መድኃኒቴን አቀብለኝ!»

ልጅቷ ውሃ በብርጭቆና በፎይል የተጠቀለለች ትንሽ ጠርሙስ ይዛ ብቅ አለች። መርማሪው ጠርሙሷን አየ፣ ልጅቷን አየ፣ ከዚያም ጓዳው ውስጥ ሌላ ሰው ይኖር እንደሆነ አንገቱን ሰገግ አድርጎ ተመለከተ። ሲነሳ ፊቱ ጠቁሮ ነበር። «ለዛሬ እሱን አይዋጡት፣ እናቴ። ከሰዓት በኋላ ሁላችሁም ላቦራቶሪው እንድትገኙልኝ። መኪና እልክልዎታለሁ።»

ከሰዓት በኋላ ምክትሉ፣ ቴክኒሻኑ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ፣ እናትና ልጅ አምስቱም በላቦራቶሪው ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። ዶክተሩ ፍሪጅ ውስጥ ትተዋቸው የሄዱት፣ ውጤታቸው ገና ያልታየ ሁለት የሴል ሳህኖች ወጡ። በአንደኛው መድኃኒቱ ገብቷል፣ በሌላው አልገባም፤ የትኛው የቱ እንደሆነ በእጅ ጽሑፋቸው ተለጥፏል። ቴክኒሻኑ ቀይ ቀለም አፈሰሰባቸው።

«ቀለሙ እስኪይዝ እናውራ» አለ መርማሪው። «ገዳዩ ቱቦውን አስቀድሞ ነቅሎታል፤ በዚያች ቢጫ መብራት ከጠረጴዛ ሥር ያለ ነገር አይታይም። ዶክተሩ ሲገቡ ከውጭ ቆለፈና ሲሊንደሩን እስከ መጨረሻው ከፈተ፤ ጋዙ ክፍሉን ሞልቶ አፈናቸው። ድምፃቸው ሲጠፋ ቁልፉን ፈትቶ ሄደ። ወንድ ነው አልን፤ “ክፈት” ስለተባለ። ግን ምክትላቸውን “ልጄ” አይሉም፤ ቴክኒሻናቸውን “ክፈት” አይሉም። ሰው ሲጨንቀው የለመደው ቃል ነው የሚያመልጠው። ታዲያ ማንን ነው የጠሩት?»

ወደ እናትየዋ ዞረ። «እናቴ፣ ቅድም “ና፣ አቀብለኝ” ብለው ተጣሩ። ወንድ ልጅ አለዎት?»

እናትየዋ ፈገግ አሉ። «የለኝም። እሷኑ ነው። ከሕፃንነቷ ጀምሮ “ና”፣ “ሂድ” ነው የምንላት። ስንወዳት ነው። ያስለመደን ወንድሜ ነው። እሱማ አንድ ቀን እንኳ አንቺ ብሏት…»

ቃሉ አፋቸው ላይ ቀረ። የጽዳት ሠራተኛዋ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

«ስንት ሰው ሴት ልጁን እንዲህ ይጠራል!» አለች ልጅቷ።

«ብዙ ሰው። የዚያ ክፍል ቁልፍ ካላቸው መካከል ግን እንዲህ የሚጠሩት አንቺን ብቻ ነው። ደግሞ በእጅ በፎይል የተጠቀለለ የክኒን ጠርሙስ የትኛው ፋርማሲ ይሸጣል? ለሰው ያልተፈቀደውን መድኃኒት ለእናትሽ ስትሰጪ አጎትሽ ደረሱብሽ። ከበሩ ውጭ ማን እንደቆመ ያውቁ ነበር። እየሞቱም የሚጠሩሽ በፍቅር ነበር።»

ቴክኒሻኑ ሳህኖቹን በውሃ አለቅልቆ መብራት ሥር አኖራቸው። የአንደኛው ቀለም ታጥቦ ሄዶ ጥቂት ነጠብጣብ ቀረ። ሌላው ከዳር እስከ ዳር ደም መሰለ።

«ቀለሙ የሚይዘው ኖራ ላይ ብቻ ነው» አለ በቀስታ። «መድኃኒቱ የገባበት… ቀዩ ነው።»

«ተቀያይሮ ነው!» ልጅቷ ብድግ አለች። «እሱም መድኃኒቱ ኖራውን ሊያብስ ይችላል ነው ያለኝ። “ትገድላታለህ፣ ልጄ፤ ዛሬውኑ አቁም” አለኝ። አንድ ወር ብቻ ታገሠኝ ብዬ እግሩ ላይ ወደቅኩ። እምቢ አለ። በዓይኔ እያየሁ እየተሻላት እንዴት ላቁም? ደረጃ ሳታርፍ መውጣት ጀምራ ነበር እኮ! እማዬ፣ ንገሪያቸው!»

እናትየዋ ቀዩን ሳህን ጎንበስ ብለው አዩ። ከዚያ ቀና ብለው ልጃቸውን አዩ።

«ደረጃውን ጎረቤቶች ደግፈውኝ ነው የምወጣው» አሉ። «ተሻለኝ የምልሽ… እንዳይከፋሽ ብዬ ነበር።»