የቆራረጥኩት መኪና ፎቶ

ይህን ታሪክ ከሰው አልሰማሁትም... በራሴ ላይ የደረሰ ነው።

ፈጠራ ነው የሚል ካለ መተማ አጠገብ ኮኪት ከተማ ይምጣና የጋራጄን ደጃፍ ይይ። የመኪናው ኮፈን የተነቀለበት ምስማር እስካሁን እዚያው አለ።

ሚያዝያ 2010 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። የቆላ ሰው ይህችን ሰዓት ያውቃታል... ከሙቀቱ የተነሳ ውሻ እንኳ አይጮህባትም። ክፉ ነገር በጨለማ ብቻ የሚመጣ የሚመስላችሁ ካላችሁ ተሳስታችኋል።

አገኘሁ እባላለሁ፤ መካኒክ ነኝ። ከመተማ ዮሐንስ እስከ አብደራፊ የተጋጨ መኪና በርካሽ ሊገዛ ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚያማክረው እኔን ነው። ፌስቡክ ላይ የወጣውን ፎቶ ያሳየኛል፤ እኔም አየት አድርጌ "ይህ ሌባ ነው፣ ተወው" እለዋለሁ። ተሳስቼ አላውቅም።

ያን ቀንም አልተሳሳትኩም። የሚያሳፍረኝም እሱ ነው።

ውቢት ላቧን እየጠረገች ገባችና ከደጃፉ ጥላ ሥር ተቀመጠች። ባሏ ምናለ የሰሊጥ እርሻ ሾፌር ነበር። ህዳር 2008 መኪናው ከዛፍ ጋር ተጋጭቶ ሞተ። ከዚያ ወዲህ ለቀን ሠራተኞች ቀዝቃዛ ውሃ እየሸጠች ልጆቿን ታሳድጋለች። ሕልሟ አንዲት ፒክአፕ ገዝታ ውሃውን እስከ እርሻው ድረስ ማድረስ ነበር።

"ወንድሜ፣ እስኪ ይችን እይልኝ" ብላ ስልኳን ሰጠችኝ።

ነጭ ፒክአፕ። ፊቷ ተጨማድዷል፣ ኋላዋ ደህና ነው። ሻጩ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ነኝ ይላል። ዋጋው ከገበያው ሲሶ አይሞላም። ታርጋው ተሰርዟል። ሲደወልለት አያነሳም፤ በጽሑፍ ብቻ ነው የሚያወራው። ገንዘቡን እስከ አስር ሰዓት ድንበር ማዶ ገላባት ካላደረሽ ለሌላ ሰው እሰጣታለሁ ብሏታል።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። እኔ ግን ለመጠርጠር ይህ ሁሉ አላስፈለገኝም።

ከመኪናው ጀርባ የላሎ ዛፍ አለ። ቅርንጫፉ ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሯል።

ገዳሪፍ አይደለም። ከጋራጄ የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው።

ምናለ የሞተበት ዛፍ ነው።

ፎቶዎቹን ያነሳኋቸው ደግሞ... እኔ ነኝ።

ልናዘዝ። ምናለ የተጋጨ ዕለት በሞተር ሳይክል ሳልፍ ከሁሉም ቀድሜ የደረስኩት እኔ ነበርኩ። ስልኬን አወጣሁ። አራት ፎቶ አነሳሁ። ብዙ ተከታይ ላለው አንድ ገጽ ላክሁት፤ ስሜ እንዳይጠቀስ ብዬ። ምን ፈልጌ እንደሆነ ዛሬም አላውቀውም። ሰው ሁሉ ሲቀባበለው ደስ ብሎኛል መሰለኝ።

ውቢት የባሏን ሞት የሰማችው ከዚያ ፎቶ ነው። ገና እንዳየችው ወደቀች፤ ከዚያ ወዲህ ማንም አላሳያትም።

ለቅሶው ላይ፣ ድንኳኑ ውስጥ፣ "ይህን ፎቶ ያነሳ እጁ ይድረቅ!" ብላ ጮኸች።

ሰው ሁሉ አሜን አለ።

እኔም አሜን አልኩ።

በኋላ ጠጋ ብዬ "ስደርስ አልቆ ነበር፣ አልተሰቃየም" አልኳት። እጄን ሳመችው። ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያች ቃል ነው እንቅልፍ የወሰዳት።

መኪናውን የእርሻው ባለቤት ለቁርጥራጭ ሸጠልኝ። በገዛ እጄ ቆራረጥኩት። አጽሙ፣ ሻንሲው፣ አብደራፊ ላይ የትራክተር ተሳቢ ሆነ። ኮፈኑን ለፀሐይ መከለያ ደጃፌ ላይ ቸነከርኩት።

ውቢት የተቀመጠችው እሱ ሥር ነበር።

"ይቅርብሽ" አልኳት።

"ለምን?"

"እንዲሁ... አልወደድኳትም።"

"ለሌላው እኮ ምክንያቱን አንድ ሁለት ብለህ ትነግራለህ። እኔ ሴት ስለሆንኩ ነው?"

ምን ልበላት? ይህ መኪና የለም ካልኩ፣ በምን አወቅህ ትላለች። ከነገርኳት ጉዴ ይወጣል፤ ካልነገርኳት ጥሪቷን ሌባ ይበላዋል። እና ፈሪ ሰው የሚያደርገውን አደረግሁ። ሌባው ራሱ እንዲጋለጥ ፈለግሁ።

"የሾፌሩን በር ከቅርብ አንሳልኝ በይው።"

ፎቶ የለውምና ይሸሻል ብዬ ነበር።

ደቂቃ አልሞላም... ስልኩ ጮኸ።

በሩ ነው። ከቅርብ፤ ከውስጥ በኩል። ላሜራው ላይ ቀጫጭን ጭረቶች አሉ። ጥፍር የጫረው ይመስላል።

ይህን ፎቶ እኔ አላነሳሁትም።

ጠቅ።

"ምንድን ነው?" አለች ውቢት ቀና ብላ።

"ኮፈኑ ነው። ብረት በሙቀት ሲለጠጥ ይጮሃል።"

እውነት ነው፣ ይጮሃል። ግን ያን ድምፅ አውቀው ነበር። የዚያን ቀን፣ ሦስተኛውን ፎቶ ሳነሳ... ከመኪናው ውስጥ በጥፍር ላሜራ ሲመታ ሰምቻለሁ።

ጠቅ... ጠቅ...

አንድ ፎቶ ልጨምር አልኩ። ጨመርኩ። ስጠጋ ዝም ብሎ ነበር።

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴም።

"እንግዲህ አንድ ነገር ብቻ ቀረ" አልኳት። "ሰው መኪናው ፊት ይቁም። የሌላ ሰው እጅም ሁለት ጣት አንስቶ ይታየኝ። አሁን የተነሳ ፎቶ ከሆነ ይችላል፤ የተሰረቀ ከሆነ አይችልም።"

"ጎበዝ!" አለች። ጻፈችለት።

ሻጩ ወዲያው መለሰ። "ኩሉ ተማም።"

ቆላ ላይ ይህን ሕፃንም ያውቀዋል። ሁሉም ደህና ነው ማለት ነው።

ጠበቅን... ዝንብ እንኳ አልነበረም...

ስልኩ ጮኸ።

ውቢት ከፈተችው። ፈገግ እንዳለች ቀረች።

"ወንድሜ..."

"ምነው?"

"ይህ አንተ አይደለህም?"

ፎቶው የተነሳው ከመኪናው ውስጥ ነው፤ ከሾፌሩ ወንበር። መሪው ይታያል። የተሰነጠቀው የፊት መስታወት ይታያል። ከመስታወቱ ወዲያ ፀሐይ ላይ አንድ ሰው ቆሟል። ስልኩን ወደ ላይ አንስቶ ፎቶ እያነሳ ነው።

ሰማያዊ ቱታ ለብሷል። ጉልበቱ ላይ ቢጫ እራፊ ተጥፏል።

ውቢት ጉልበቴን አየችው። ያው ቱታ ነበር የለበስኩት።

ጣቷን ስልኩ ላይ አድርጋ ምስሉን ወደ ላይ ሳበችው።

ታች፣ መሪው ላይ፣ እጅ አለ። በደም ተለውሷል። ሁለት ጣቶቹ ተነስተዋል።

የአንደኛው ጣት ጥፍር ጥቁር ነው።

ምናለ ጠቋሚ ጣቱን ተሳቢ ሲቀጥል ጨፍልቆት ነበር። እስኪሞት ድረስ ጥፍሩ ጥቁር እንደሆነ ቀረ። ይህን ከኔ ይልቅ እሷ ታውቃለች።

"አገኘሁ" አለች በሹክሹክታ። ወንድሜ አላለችኝም። "ስትደርስ አልቆ ነበር አላልከኝም?"

"ውቢት..."

"አልቆ ነበር?"

"...አላለቀም ነበር።"

"ፎቶውንስ?"

"እኔ ነኝ።"

ትጮሃለች ብዬ ጠበቅሁ። እርግማኑን ትደግመዋለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ብትደግመው ይሻለኝ ነበር። ስልኳን ዘጋች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ በዚያ ፀሐይ ቀስ ብላ ሄደች። ዞር ብላም አላየችኝ።

ገንዘቧን አልላከችም። እሱ ብቻ ነው ደስ የሚለኝ። በነጋታው ወንድሟ ደምለው መጥቶ ማስታወቂያውም ሻጩም ከፌስቡክ እንደጠፉ፣ ፎቶዎቹም ከስልኳ እንደሌሉ ነገረኝ። እጄን ግን አልጨበጠኝም። ኮፈኑን ነቅዬ ገደል ከተትኩት።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። እኔ ላይ በጠራራ ፀሐይ ጠራ።

አንድ ነገር ልንገራችሁና ላብቃ።

እነዚያን አራት ፎቶዎች ከላክሁበት ገጽ ባስጠፋቸውም ከስልኬ አላጠፋኋቸውም ነበር። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ። ውቢት የሄደች ዕለት ላጠፋቸው ከፈትኩ።

ስድስት ሆነዋል።

በሩ አለ። ያ እጅም አለ። የተነሱበት ቀን ህዳር 2008፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ይላል።

አጠፋኋቸው። ተመልሰው መጡ። ስልኩን ቀየርኩ። አዲሱም ላይ አሉ።

ትላንት በስምንት ሰዓት የመጨረሻውን ፎቶ ደግሜ አየሁት።

የተነሳው ጣት... አንድ ብቻ ነበር። ጥፍሩ ጥቁር የሆነው። ወደ እኔ ይጠቁማል።