የባለጢሙ ጣሳ

መኪናው በሩ ላይ ጥሩንባ ሲነፋ እንቁራሪት ጣሳውን ከሚስማሩ ላይ አውርዳ የደብተር ቦርሳዋ ውስጥ ከትታዋለች። ዚፑ ግን እምቢ አላት። ጣሳው ትልቅ የቀለም ጣሳ ነው፤ ከዓመታት ዱላ ብዛት ቂጡ የጎደጎደ፣ ጠርዙ የዛገ። ሹራቧን አውልቃ ከላይ ሸፈነችውና ቦርሳውን እንደተከፈተ ጀርባዋ ላይ አንጠለጠለችው።

«እንቁራሪት! ሰዎቹ መጡ!» አለች እናቷ ከበረንዳው። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ፊትሽን ደግሞ ኮሶ እንደጠጣ ሰው እንዳታደርጊው፣ እሺ የኔ እናት?» ስትል ጨመረች።

እውነተኛ ስሟ እንቁራሪት አይደለም። ገና በዳዴ ሳለች፣ ዞር ባሉ ቁጥር ወደ ውኃው ስትሄድ እያገኟት አያቷ ያወጡላት ነው። አሁን አሥራ አራት ዓመት ሞልቷታል፤ ስሙም አብሯት አድጓል።

በሩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት «የገጠር መኖሪያ ቤት፣ የራሱ ሁለት የዓሣ ማጥመጃ ሐይቆች ያሉት፣ ለሽያጭ» ይላል። አያቷ በሕይወት ቢኖሩ ይስቁ ነበር። እሳቸው አንድም ቀን «ሐይቅ» ብለው አያውቁም። «በአካፋ የቆፈርኩትን ጉድጓድ ሐይቅ ብዬ ብጠራው እውነተኞቹ ሐይቆች ይታዘቡኛል» ይሉ ነበር። ላይኛው ኩሬ፣ ታችኛው ኩሬ፤ በቃ።

አያቷ ከሞቱ አራት ወር ሆኗቸዋል። እናቷ ከተማ ውስጥ ነርስ ናት፤ አዳር ሥራም አለባት። ቤቱ ከከተማ በአውቶቡስ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ከተሸጠ የሚሻል መሆኑን እንቁራሪትም ታውቃለች። ማወቅ አንድ ነገር ነው፣ የሰው መኪና ግቢህ ሲገባ ማየት ግን ሌላ።

መጀመሪያ የወረደው ደላላው ነው። ቀጥላ የጥርስ ሐኪም ናት የተባለች ረጅም ሴትዮ፣ በመጨረሻ ደግሞ ልጇ። ልጅቷ የእንቁራሪት እኩያ ትሆናለች። አዲስ፣ ቀይ፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ የላስቲክ ቦቲ አድርጋለች። ቦቲው ላይ ጭቃ የሚባል ነገር ነክቶት አያውቅም።

«ይሄ ቤት አይደለም፣ ዕድሜ ማራዘሚያ ነው!» አለ ደላላው እጆቹን ዘርግቶ። «ዓሣው ራሱ ሞልቶ ተርፏል። ጠዋት ከአልጋዎ ሳይወርዱ በመስኮት ያጠምዳሉ።»

«ከአልጋዬ ሳልወርድ?» አለች ሐኪሟ።

«ዘንጉ ረዘም ካለ።»

ሐኪሟ ሳቀች። እናቷም ሳቀች። እንቁራሪት ግን አልሳቀችም። እናቷ ከቀብሩ ወዲህ እንዲህ ስትስቅ አልሰማቻትም፤ እሷ ስንት ቀን ልታስቃት ስትሞክር ያልወጣው ሳቅ ለእነዚህ ሰዎች ወጣ።

በረንዳው ጥግ ላይ ሁለት ችካሎች አሉ። አያቷ ጥቁር ቦቲያቸውን ገልብጠው የሚሰቅሉበት ነው፤ ሌሊት ነፍሳት ገብተው እንዳያድሩበት። ቦቲዎቹ አሁንም እዚያው ተገልብጠው እንዳሉ ናቸው። እናቷ ስታጸዳ እየዞረቻቸው ነው የምታልፈው። ባለቀይ ቦቲዋ ቤት ከመግባቷ በፊት ቦቲዋን አወለቀችና ግራ ቀኝ አየች። የቀኙን ጥቁር ቦቲ ወደ ታች ሸሸት አድርጋ፣ አንዱን ቀይ እላዩ ላይ ደረበችው፤ ሌላውን መሬት ላይ ተወችው።

«አሪፍ ሐሳብ ነው፣ እማዬ! እኛም ቤት ያስፈልገናል» አለች።

እንቁራሪት ወደ ችካሎቹ ተራመደች። አፏን ከፈተች፤ እናቷ ግን ቀድማ በዓይኗ ስትከለክላት ዘጋችው።

ከዚያ ቤቱን ማየት ተጀመረ። ሐኪሟ ስለ ጣሪያው ጠየቀች። ስለ ጉድጓድ ውኃው ጠየቀች። ተመልሳ እንደገና ስለ ጣሪያው ጠየቀች። ልጅቷ ደግሞ በካልሲዋ እየተንሸራተተች በሩን ሁሉ እየከፈተች ትዘጋለች። የመጨረሻውን በር ስትከፍት ጮኸች።

«እማዬ፣ ይቺ የኔ ናት! ውኃው ይታያል!»

የእንቁራሪት ክፍል ነበረች። ቅዳሜና እሑድ፣ የትምህርት ዕረፍቱን በሙሉ፣ ከሕፃንነቷ ጀምሮ የተኛችባት። በበሩ መቃን ላይ አያቷ በእርሳስ ያሰመሯቸው መስመሮች አሉ፤ በየዓመቱ አንድ። ባለቀይ ቦቲዋ አየቻቸውና ጀርባዋን ለጠፈች። መዳፏን አናቷ ላይ አድርጋ ዞር አለች።

«ሁሉንም እበልጣለሁ!» አለች። «ማን ነው ይሄ?»

«እኔ ነኝ» አለች እንቁራሪት።

«ኦ… ይቅርታ።»

የእንቁራሪት እናት ቶሎ ገባችበት። «አንቺ፣ ኩሬዎቹን ለምን አታሳዪያትም? ሂዱ፣ ውጡ። እኛ እዚህ እንጨዋወት።»

ወደ ላይኛው ኩሬ የሚወስደው መንገድ ቁልቁል ነው። እንቁራሪት ከፊት ሆና ፈጠን ፈጠን አለች። ጣሳው በእርምጃዋ ልክ ጀርባዋን ይነርታታል። ባለቀይ ቦቲዋ በረንዳው ላይ ያገኘችውን ነጠላ ጫማ አጥልቃ፣ ከመኪና ይዛ የመጣችውን ዳቦ እየገመጠች ከኋላ ትከተላለች።

«ቦርሳሽ ውስጥ ምንድነው የሚንኳኳው?»

«ደብተር።»

«ብረት ደብተር?»

እንቁራሪት ቦርሳውን በእጇ ደግፋ መውረዷን ቀጠለች።

ኩሬው ዳር አያቷ የሠሩት የእንጨት ርብራብ ወደ ውኃው ገባ ብሎ ይቆማል። ጫፉ ላይ ምሰሶ፣ ምሰሶው ላይ ባዶ ሚስማር አለ። ጣሳው ይሰቀልበት የነበረው እዚያ ነው። አያቷ ሁልጊዜ ጠዋት እዚህ ቆመው ጣሳውን በዱላ ሦስት ጊዜ ይመቱታል፤ ቀስ ብለው፣ እንግዳ በር እንደሚያንኳኳ። ያኔ ባለጢሙ ይመጣል። ባለጢሙ አሮጌ አምባዛ ዓሣ ነው፤ ርዝመቱ የሰው ክንድ ከነትከሻው፣ የጀርባ ክንፉ ላይ የተሸነቆረ። ሌላውን ዓሣ ሁሉ ያጠምዱ ነበር፤ እሱን ግን አንድም ቀን አልሞከሩትም። «ባለጢም ባለጢምን አያጠምድም» ይሉና የራሳቸውን ነጭ ጢም ያሻሹ ነበር።

ሆስፒታል ተኝተው ሳሉ በመጨረሻው ሳምንት ብዙ አይናገሩም ነበር። አንድ ቀን ግን ዓይናቸውን ገልጠው፣ «እየጠራሽው ነው?» አሏት። ማንን እንደሆነ አልጠየቀችም። «እጠራዋለሁ፣ አባባ» አለች።

ጠራችውም። ከቀብሩ በኋላ በመጀመሪያው ቅዳሜ ጣሳውን ሦስት ጊዜ መታች። መጣ። አፉን ከፍቶ ትንሽ ቆየና ተመልሶ ሰጠመ። በሁለተኛው ቅዳሜ ዘግይቶ መጣ። በሦስተኛው ጭራሽ ቀረ። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ እጇ እስኪዝል ብትመታ ውኃው ዝም አለ። «ውኃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው፣ ልጄ፤ ተዪው» አለቻት እናቷ። «አዝኖ እኮ ነው» አለች እንቁራሪት፤ «አባባን ይፈልጋል።» ያን ቀን እናትና ልጅ ርብራቡ ላይ ተቃቅፈው አለቀሱ። ሐዘኗን በትክክል የሚያውቅላት አንድ ፍጡር ኩሬው ሥር እንዳለ ማሰብ እንቁራሪትን ያጽናናት ነበር።

«ጥልቅ ነው?» አለች ባለቀይ ቦቲዋ፣ እግሯን ከርብራቡ አንጠልጥላ እየተቀመጠች። አያቷ ይቀመጡበት የነበረው ቦታ ላይ።

«ለማያውቀው ጥልቅ ነው።»

«ዋና እችላለሁ። መዋኛ ገንዳ በሳምንት ሦስቴ እሄዳለሁ። አሠልጣኝ አለኝ።» ወደ ውኃው አጎነበሰች። «በጋ ላይ ጓደኞቼን በሙሉ አመጣለሁ። ከዚህች ጫፍ ዘለን ዘለን…»

እንቁራሪት ቃሉ ከአፏ እስኪወጣ ድረስ ምን ልትል እንደሆነ አታውቅም ነበር።

«እዚህ አትዋኙም» አለች። «አያቴ የሞቱት እዚህ ውስጥ ነው።»

የልጅቷ ጉንጭ በዳቦ እንደተሞላ ቀረ።

«እዚህ? እዚችው?»

«የተቀመጥሽበት ጋ። ጠዋት ነው ያገኘናቸው።»

ልጅቷ እግሯን ከውኃው በላይ ሰበሰበች። እንቁራሪት ለአንድ አፍታ ደስ አላት፤ ከስንት ጊዜ በኋላ የሆነ ነገር መልሳ በእጇ የያዘች መሰላት። ቀጥሎ አያቷን ባልሞቱበት ቦታ እንደገና እንደገደለቻቸው ተሰማት። ውሸቷን ግን አላረመችም።

ባለቀይ ቦቲዋ የጎረሰችውን በመከራ ዋጠች። የቀረውን ዳቦ በግራ እጇ ትፈረፍር ጀመር። ፍርፋሪው እየበነነ ውኃው ላይ ወደቀ።

መጀመሪያ ውኃው ያበጠ መሰለ። ከዚያ አንድ ጢም ብቅ አለ፣ ሁለተኛም። ሰፊ ጠፍጣፋ ጭንቅላት ፍርፋሪውን ከነውኃው ሳበውና የተሸነቆረው የጀርባ ክንፍ በርብራቡ ሥር ቀስ ብሎ ዞረ።

«እማዬ! ምንድነው ይሄ? ይነክሳል?» ልጅቷ ወደ ኋላ ብትሸሽም ወዲያው ተመልሳ አጎነበሰች። «ኧረ አየሽው? ጢም አለው እኮ! ወደኔ እየመጣ ነው!»

እንቁራሪት አየችው። ስንት ቅዳሜ ሙሉ ለምናዋለች። ጣሳ መትታለታለች፣ ተንበርክካ በስሙ ጠርታዋለች። ለሷ ያልወጣው ለዚህች፣ ገና በመጣች በሰዓቱ፣ ሳትጠራው ወጣ። ክፍሏን ወሰደች፣ የእናቷን ሳቅ ወሰደች፣ አሁን ደግሞ እሱን። የልጅቷ ጀርባ እፊቷ ነው፤ አንድ ግፊት ይበቃል። እጇ ከጎኗ ተነሳ።

«ሌላ ትፈልጋለህ? እንካ፣ ሆዳም!» አለች ልጅቷ፣ ግራ እጇን ዘርግታ።

ግራ እጅ። እንቁራሪት ባለችበት ቆመች። አያቷ በቀኛቸው ጣሳውን ይመቱና ግራ እጃቸው ኮት ኪሳቸው ውስጥ ይገባ ነበር። የኮቱ ኪስ ሁልጊዜ በደረቅ ዳቦ የተሞላ ነው። እሷ ግን ዓይኗ ውኃው ላይ እንጂ እጃቸው ላይ ሆኖ አያውቅም። ዳቦው የሳቸው ኪስ ጉዳይ ነበር። «እየጠራሽው ነው?» አሏት፤ ጠራችው። በየሳምንቱ ጠርታ በየሳምንቱ ባዶውን ሰደደችው።

የተነሳው እጇ ወረደ። ሳቅ ይሁን ልቅሶ ያልለየለት ድምፅ ከአፏ አመለጣት።

«ምን ሆንሽ?»

«ርቦት ነው» አለች እንቁራሪት። «አዝኖ መስሎኝ… ርቦት ኖሯል።»

«ማን?»

እንቁራሪት ከልጅቷ አጠገብ ቁጭ አለች። ባለጢሙ ከሥራቸው አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል።

«አያቴ እዚህ አይደለም የሞቱት» አለች። «ሆስፒታል ነው፣ ሦስተኛ ፎቅ። መስኮቱ ግድግዳ ነው የሚያየው።»

ልጅቷ ዞራ አየቻት። «ታዲያ ለምን ፎገርሽኝ?»

«ሁሉን ነገር ወሰድሽብኝ።»

«ምን ወሰድኩ? ገና እያየን እኮ ነው!»

«እናትሽ ስለ ጣሪያው ሁለቴ ጠየቀች። የማይገዛ ሰው ስለ ጣሪያ አንዴ ነው የሚጠይቀው።»

ልጅቷ ልትስቅ ነበር፤ ተወችው። «በጣም ትቀፊያለሽ» አለች። «አያትሽ በሕልሜ ሁሉ ሊመጡብኝ ነበር እኮ።» የያዘችውን ዳቦ ለሁለት ገምሳ፣ እንቁራሪትን ሳታይ ግማሹን ዘረጋችላት።

እንቁራሪት ተቀበለች። ፈርፍራ ጣለች። ባለጢሙ ማን እንደጣለው አላየም፤ በላ።

ከላይ እናቷ ስትጣራ ሁለቱም ተነሱ። በረንዳው ላይ ሐኪሟና እናቷ እጅ ለእጅ ተያይዘው ይጨባበጣሉ፤ ደላላው ከሁለቱም በላይ ደስ ብሎታል። «በሚቀጥለው ሳምንት ከባለቤቴ ጋር እንመጣለን» አለች ሐኪሟ። ባለቀይ ቦቲዋ ቀዩን ቦቲ ከጥቁሩ ላይ አነሳችና ጥቁሩን መልሳ አቃናችው። ከዚያ ቦቲዋን አጥልቃ ወደ መኪናው ሄደች።

እንቁራሪት ግን ተመልሳ ቁልቁል ወረደች። ሹራቡን አንስታ ጣሳውን ከቦርሳዋ አወጣችው። ሚስማሩ ላይ ሰቀለችው፣ ዱላውንም ከሥሩ አስደገፈች። ስትመለስ መኪናው ሊዞር ነው። መስኮቱን አንኳኳች፤ ልጅቷ ዝቅ አደረገችው።

«ጠዋት ጠዋት ነው» አለች እንቁራሪት እያለከለከች። «ሦስት ጊዜ፣ ቀስ ብለሽ። መጀመሪያ ላይ እምቢ ሊልሽ ይችላል፤ ጣሳው ዋሽቶታል። ቻዪው።»

«የቱ ጣሳ?»

«ምሰሶው ላይ ታገኚዋለሽ። ዳቦ ሳትይዢ ግን እንዳትመቺው።»

መኪናው ሄደ። እናቷ በሩን ልትዘጋ ስትሄድ እንቁራሪት ወደ በረንዳው ወጣች። ጥቁሮቹን ቦቲዎች ከችካሎቹ ላይ አንድ በአንድ አነሳች፤ ውስጣቸው ደረቅ ነበር። እግር ለእግር አጋጥማ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻቸው። ዚፑ አሁንም አልተዘጋላትም። እንዲሁ ክፍቱን አንግታው እናቷን ተከተለች።