ስለ ኩሬው የተባለው

ቀጮ የጎልፍ ኳሷን ትንሿ እንጨት ላይ አስቀምጣ ሁለት እርምጃ ወደኋላ አለች። ትንፋሿን ሳበች፤ ቀስ አድርጋ አወጣች። ከዚያ ዓይኖቿን ጨፈነች። አጠገቧ የቆመችው ፍንጭት ምን እየተደረገ እንደሆነ አልጠፋትም። ቀጮ ኳሷን በዱላ ከመምታቷ በፊት በልቧ እየመታቻት ነው።

ይህን ያስተማሯቸው ኮች ነበሩ። የትምህርት ቤቱ የስፖርት አስተማሪ ናቸው፤ ቆፍጠን ያሉ፣ ሳቅ የማያበዙ ሴትዮ። «እጅ የሚሠራው ልብ ያዘዘውን ነው» ይላሉ። «መጀመሪያ ኳሷ የምታርፍበትን ቦታ ምረጡ። ‹እዚያ አካባቢ› አይባልም፤ አንዲት ቅጠል ምረጡ። ከዚያ ኳሷ ስትሄድ፣ ስትወርድ፣ ስትቆም በልባችሁ እዩ። አይታችሁ ስትጨርሱ ምቱ። ‹ኩሬ ውስጥ እንዳትገቢ› እያላችሁ ግን እንዳትለምኗት! ልብ ‹እንዳት› የምትለዋን አይሰማም። ‹ኩሬ› የምትለዋን ብቻ ይሰማና ቀጥ ብሎ ወደዚያው ይሄዳል።»

ተማሪዎቹ መጀመሪያ ላይ ሙድ ይዘውባቸው ነበር። አንዱ የሒሳብ ፈተና ላይ ዓይኑን ጨፍኖ መቶ ከመቶ ሲያገኝ በልቡ አየ፤ ወረቀቱ ሲመለስ ሠላሳ ሁለት ሆኖ አገኘው። ሜዳ ላይ ግን ነገሩ ሠራ። በተለይ ለቀጮ ሠራላት። ድሮ ኳሷን ዛፍ ለዛፍ ስትፈልግ የምትውል ልጅ፣ በሁለት ወር ውስጥ ከፍንጭት እኩል ሆነች።

ችግሩም ይኸው ነበር። ለትምህርት ቤቶች ውድድር ከሴቶቹ የቀረው አንድ ቦታ ብቻ ነው። በዚያ ዓርብ ከሰዓት ሁለቱ ልጆች፣ ከሁለተኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጡ ጓደኛሞች፣ ለዚያች አንድ ቦታ ተፋጠዋል። ስምንት ጉድጓድ ተጫውተው እኩል ናቸው። የቀረው ዘጠነኛው ነው፤ በስተግራው ኩሬ አለ። ኮች ራቅ ብለው ባንዲራው ሥር ቆመዋል።

ከሦስት ሳምንት በፊት አውቶቡስ ውስጥ ቀጮ ደብተሯን ለፍንጭት ሰጥታት ነበር። ከየልምምዱ በኋላ በሐሳባቸው የመጣውን እንዲጽፉበት ኮች ያዘዟቸው ደብተር ነው። «አንቺ ብቻ እይው» አለቻት። አንድ ገጽ ላይ እንዲህ ይላል፦ «ሰው ስለ ውሃው ካወራ አለቀልኝ። ከጆሮዬ አይወጣም።»

«ቀሽም ነኝ አይደል?» አለች ቀጮ ያን ዕለት። «ለማንም እንዳትናገሪ።»

«ኧረ ባክሽ! ለማን ብዬ?»

ፍንጭት ቃሏን ጠብቃለች። ለማንም አልተናገረችም።

አሁን ቀጮ ዓይኗን ገልጣ ወደ ኳሷ ስትጠጋ፣ ፍንጭት ዱላዋን በጨርቅ እየወለወለች፣ ሰው ስለ ደመና እንደሚያወራው ባለ ድምፅ፣ «ኩሬው ዛሬ ሞልቷል አይደል?» አለች።

ቀጮ ቀና አለች። ዓይኗ ወደ ግራ ሄዶ ተመለሰ። ወደኋላ አለች፣ እንደገና ተነፈሰች፣ እንደገና ጨፈነች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ይታይ ነበር። ከዚያ መታች። ኳሷ ጥሩ ተነሥታ አየር ላይ ወደ ግራ ታጠፈችና ውሃው ውስጥ ጥልቅ አለች።

ፍንጭት ተራዋ ሲደርስ አማካይ ምት መታች። በቂ ነበር። በሁለት ምት አሸነፈች። ኮች ስሟን መዝገብ ላይ ጻፉ። ቀጮም እጇን ዘርግታ «ይገባሻል» አለቻት።

አውቶቡስ ውስጥ ቀጮ መስኮቱን እያየች ነበር። «ኮች ተሳስተዋል» አለች ፊቷን ሳትመልስ። «ልብ የሚሠራው ልብ ላለው ነው። የእኔ ጭንቅላት ለዚህ አልተፈጠረም።»

ፍንጭት «አይ፣ እንደሱ አትበይ» አለች። ሌላ ነገር ሊወጣት አፏ ጫፍ ደርሶ ነበር፤ ዋጠችው።

ቤት ስትደርስ እናቷ ወሬውን ሰምተው እልል ማለት ነው የቀራቸው። ልብስ ሰፊ ናቸው። የደንበኛቸውን ቀሚስ ወዲያ አድርገው ለውድድሩ ነጭ ሱሪ ይለኳት ጀመር። መርፌ ቁልፎቹን በከንፈራቸው እንደያዙ፣ «ቀጥ ብለሽ ቁሚ! ምን ያንቀዠቅዥሻል?» አሏት።

ፍንጭት ቀጥ ብላ ቆመች። ጊዜው እንዲያልፍላት ዓይኗን ጨፍና የውድድሩን የመጀመሪያ ምት በልቧ ልታይ ሞከረች። ሳሩ መጣ። ባንዲራው መጣ። ኳሷን ልትመታ ስትል ግን ወደ ግራ ሄዶ የተመለሰው የቀጮ ዓይን መጣ። «ስለ ቀጮ አላስብም» አለች በልቧ። ቀጮ መጣች። እንደገና ሞከረች፤ አሁንም ቀጮ።

«ተወጋሽ እንዴ?» አሉ እናቷ።

«አይ፣ እማዬ።»

በማግስቱ ጠዋት የቀጮ አባት ጎሚስታ ቤት ሄደች። ሰውየው እስከ ክርናቸው ጠቁረው ከአንድ የጭነት መኪና ጎማ ጋር ይታገላሉ። «ጀግናዋ መጣች!» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እስቲ ምከሪልኝ ልጄ። ዱላዬን ለሰው ስጡልኝ ትለኛለች። ምን እንደነካት እኔ እንጃ!» አሏትና ወደ ጎማው ተመለሱ።

ቀጮ ከወዲያ በኩል ከአንድ ትልቅ ሳፋ አጠገብ ቁጢጥ ብላ፣ የተነፋ የጎማ ውስጥ ላስቲክ፣ ካላማዳሪ፣ ውሃ ውስጥ እየደፈቀች የሚተነፍስበትን ቦታ ትፈልጋለች። ፍንጭት አጠገቧ ተቀመጠች።

«ትናንት ስለ ኩሬው ያልኩት...»

«እ?»

«ሳላስበው አይደለም። አውቄ ነው።»

የቀጮ እጆች ውሃው ውስጥ ቀሩ። «ደብተሬ ላይ ያነበብሽውን?»

«አዎ።»

 «እኔ እኮ» አለች ቀጮ፣ «ጭንቅላቴ የተበላሸ መስሎኝ ነበር።»

«አልተበላሸም።»

«አንቺን ማን ጠየቀሽ?»

ፍንጭት ጉልበቷን አቀፈች። ቀጮ ካላማዳሪውን ትንሽ አዞረችው። ከውሃው ውስጥ ቀጭን የአረፋ ክር ወጣ።

«ኮች ያውቃሉ?»

«ገና ነው።»

«ለእኔ ብለሽ ከሆነ አትልፊ። ሄደሽ ብትነግሪያቸውም ዛሬ አልታረቅሽም።»

«እሺ።»

«አገኘሽው?» ብለው ጮኹ አባቷ ከመኪናው ሥር።

«አገኘሁት፣ አባዬ» አለች ቀጮ፤ ጠመኔ አንሥታ ቀዳዳውን አከበበችው። ከዚያ በኋላ ቀና ብላ አላየቻትም።

ፍንጭት ፌርማታው ጋ ቆመች። ወደ ቤት የሚወስደው አውቶቡስ መጣ። እናቷ የሱሪውን ወገብ ሊያስተካክሉ እየጠበቋት ነው። በሩ ተከፈተ፣ ሰው ወረደ፣ ሰው ወጣ፣ ተዘጋ። ሁለተኛውም እንደዚሁ አለፈ። ሦስተኛው ከሩቅ ሲታይ መንገዱን ተሻግራ ከወዲያኛው ፌርማታ ቆመች።

ሜዳው ላይ ኮች ብቻቸውን ነበሩ፤ የቅዳሜውን ልምምድ ጨርሰው ባንዲራዎቹን እየነቀሉ በክንዳቸው ሥር ይሰበስባሉ።

«ኮች፣ አንድ ነገር ልነግርዎት ነበር።»

ኮች ሰዓታቸውን አዩ። «ረጅም ነው?»

«አይደለም» አለች ፍንጭት። «አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። ግን የተናገርኳት እኔ ነኝ።»

ኮች ትንሽ አዩዋት። ከዚያ ባንዲራዎቹን አንድ በአንድ ሳሩ ላይ አስቀመጡና፣ «እሺ፣ ጀምሪ» አሉ።