የአሰልጣኝ መሸሻ ጉልበት

አሰልጣኝ መሸሻ የሞተው ክለቡ ወደ ፕሪሚየር ሊግ ለመግባት አንድ ጨዋታ ሲቀረው ነበር። የዚያን ዕለት ጠዋት ተጫዋቾቹ የእንጦጦን ዳገት ሮጠው ሲጨርሱ፣ መኪናው እንደ ወትሮው ከላይ ቆማ ነበር፤ እሱ ግን አልነበረም። ጉሙ ሳሳ ሲል ምክትሉ ኖህ ከመንገዱ በታች፣ ገደሉ ሥር፣ ቀይ ቱታ አየ።

ኢንስፔክተር ባዩሽ ስትደርስ ባሕር ዛፎቹ ገና ውሃ ያንጠባጥቡ ነበር። በጎን በኩል ዞራ ወረደችና ከአስከሬኑ አጠገብ ተንበረከከች።

«አዳልጦት ነው፤» አለ ኖህ ተከትሏት። «መሬቱ ሳሙና ሆኗል።»

ባዩሽ የሟቹን መዳፍ ገልብጣ አየች። ቆዳው ተልጧል፤ ጥፍሮቹ ውስጥ የእንጨት ቅርፊት ተሰግስጓል። ቀና ስትል ከገደሉ አፋፍ ትንሽ ዝቅ ብሎ አንድ የባሕር ዛፍ ሥር ወጥቶ ታያት። ቅርፊቱ ተገፏል። ቀጥላም የቱታውን እግር ሰበሰበች። ቀኝ ጉልበቱ በአዲስ ፋሻ ከውጭ ወደ ውስጥ ተጠቅልሏል፤ ጫፉ ላይ ያለው ፕላስተር ተበጣጥሶ የተቀደደ ነው፤ የተለጠፈውም ከጉልበቱ ጀርባ ነው።

«ይህን ጉልበት ምን አገኘው?»

«የድሮ ጉዳት ነው። ኳስ ያቆመው በዚሁ ነው። ዳገት ይወጣል፤ ቁልቁለት ግን አይሞክርም ነበር።»

«ታዲያ እዚያ አፋፍ ላይ ምን ወሰደው?»

ኖህ ወደ አፋፉ አንጋጠጠ።

መሸሻ የቀጨኔ ልጅ ነበር። በወጣትነቱ መስመሩን ይዞ ሲፈተለክ ደጋፊው «ንፋሱ» ይለው ነበር። በአንድ የዋንጫ ፍጻሜ ላይ ጉልበቱ ከዳውና በቃሬዛ ወጣ፤ ተመልሶም አልተጫወተም። ከዚያ በኋላ የሰፈሩን ልጆች ማሠልጠን ጀመረ። ማንም የማይፈልጋቸውን ትንንሽ ክለቦች እየያዘ ከፍ አደረጋቸው። በመጨረሻም ወደ ተጫወተበት ክለብ፣ ወደ እንጦጦ ጎህ፣ በአሠልጣኝነት ተመለሰ። ጉለሌ ውስጥ ስሙን የማያውቅ አልነበረም።

ባዩሽ ወደ ክለቡ ቅጥር ግቢ ወርዳ በቅድሚያ ኖህን አስቀመጠችው።

«ትናንት ተጣልታችሁ ነበር አሉ።»

«ስለ ኦልያድ ነው። ዋናውን ግብ አግቢያችንን ከመጨረሻው ጨዋታ አወጣው። ለምን ብለው፣ ነገ ይገባሃል አለኝ። ጮኼበታለሁ፤ አልክድም።»

«አሁን ቡድኑ የእርስዎ ሆነ።»

«በዚህ መንገድ እንዲሆን አልተመኘሁም፤» አለና ፊቱን አዞረ።

ኦልያድ መልበሻ ክፍል አግዳሚ ወንበር ላይ ኩርምት ብሎ ተቀምጧል። ቁርጭምጭሚቱ በፋሻ ታስሯል። ባዩሽ ፋሻውን ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ምን ሆነህ ነው?»

«እ... ማለቴ፣ ትንሽ ወለም ብሎኝ ነው።»

«ማን አሰረልህ?»

«ጋሽ ገለታ፤ ወጌሻችን። ጠዋት ከሩጫው በፊት።»

«ያምሃል?»

«አሁን አይሰማኝም።»

ጎንበስ አለችና በአውራ ጣቷ አጥንቱን አጥብቃ ተጫነችው። ልጁ ዓይኑን እንኳ አላርገበገበም።

«እንዳልከው፣ አይሰማህም፤» አለችው።

የሟቹ ባለቤት ወይዘሮ ማሚቴ ቢሮው ውስጥ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተቀምጣ ነበር።

«ጠዋት ሲወጣ ጉልበቱ ታስሮ ነበር?»

«ኧረ አልታሰረም። ዳገቱን በመኪና ነው የሚወጣው፤ ምን ያደርግለታል?»

«ምን ብሎዎት ወጣ?»

«‹ሸሽጌ የኖርኩትን ዛሬ ለቡድኑ እነግራለሁ› አለኝ። ምንድን ነው ብለው ግንባሬን ስሞኝ ሄደ።»

የመጨረሻው ወጌሻው ገለታ ነበር። ፀጉሩ የሸበተ፣ ድምፁ ለስላሳ ሰው ነው።

«ከትናንት ማታ ወዲህ አላየሁትም፤» አለ። «የልጁን እግር አስሬ ከሸኘሁ በኋላ ከዚህ ክፍል ንቅንቅ አላልኩም።»

«መሸሻ በተጎዳበት ፍጻሜም ወጌሻው እርስዎ ነበሩ?»

«እኔ ነበርኩ። እንደ ልጄ ነበር።»

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ የቆርቆሮውን ጣሪያ ሲደበድበው አራቱም መልበሻ ክፍል ተሰበሰቡ። ረዳቷ ኮንስታብል ሊሚ ሱሪውን እስከ ጭኑ ሰብስቦ መታሻ አልጋው ላይ ተቀምጧል።

«ሁላችሁም በየተራ የሊሚን ጉልበት እሰሩልኝ፤» አለች ባዩሽ።

ኖህ ፋሻውን ከውስጥ ወደ ውጭ ጠቀለለና ፕላስተሩን በመቀስ ቆረጠ። ማሚቴ አላልታ አሰረችና ፊት ለፊት ቋጠረችው። ኦልያድ አወላገደው። ገለታ ፋሻውን ይዞ ጥቂት ቆመ። ከዚያ እንደ ኖህ ከውስጥ ወደ ውጭ ጠቅልሎ «መቀስ አቀብሉኝ» አለ።

ባዩሽ በሩ ላይ ተደግፋ ቆመች።

«አሰልጣኝ መሸሻ ብቻውን አልነበረም። ቁልቁለት የሚፈራ ሰው ጉልበቱን ሳይታሰር ወደዚያ አፋፍ አይወርድም። ከቤቱ ሲወጣ ደግሞ አልታሰረም። ፕላስተሩ ከጉልበቱ ጀርባ ነው የተለጠፈው፤ ለራሱ እንዲህ የሚያስር የለም። ስለዚህ ሌላ ሰው እዚያው ተራራው ላይ አሰረለት፤ ‹ልጆቹ ሳይሰሙን እናውራ› ብሎም ወደ ታች ወሰደው።»

«አዳልጦት ከሆነስ?» አለ ኖህ።

«መሸሻ ሥሩን ይዞ ተንጠልጥሎ ነበር፤ መዳፉ ይናገራል። አደጋ ቢሆን አብሮት የነበረው እጁን ይዘረጋለት ነበር፤ ካቃተውም ሰው ይጠራ ነበር። ይህ ሰው ግን ትቶት ሄደ፤ እስካሁንም አላየሁትም ይላል።» ወደ ገለታ ዞረች። «የሟቹ ፋሻ ከውጭ ወደ ውስጥ ተጠቅልሏል፤ ፕላስተሩ በጥርስ ተቀዷል። የኦልያድም ልክ እንደዚያው ነው። እኔ ይህን ለማንም አልነገርኩም። ታዲያ ጋሽ ገለታ፣ ዕድሜ ልክዎን ያሰሩበትን እጅ ዛሬ ለምን ለወጡት?»

ገለታ መቀሱን አልጋው ላይ አስቀመጠ።

«የልጁ እግር ደንዝዟል፤» ቀጠለች። «መርፌ ወግተውታል።»

«እኔ ነኝ የለመንኩት!» አለ ኦልያድ ከመቀመጫው ተነስቶ። «ኮች ድኗል ብሎ ወደ ጨዋታው እንዲመልሰኝ ብዬ!»

«አንተ ዝም በል፤» አለው ገለታ በዝግታ። «መሸሻንም ለዚያ ፍጻሜ የወጋሁት እኔ ነኝ። ሕመሙ ቢሰማው ኖሮ ይቆም ነበር፤ ስላልተሰማው በተጎዳ ጉልበት ሮጠ። ያን ሁሉ ዓመት አንድ ቀን እንኳ ምስጢሬን አላወጣብኝም። የልጁን ነገር ሲደርስበት ግን ‹ጋሼ፣ ራስህ ተናገር፤ አለዚያ እኔ እናገራለሁ› አለኝ። ከዚህ ሌላ ምን አለኝ? ወጌሻ ነኝ፤ ሌላ ምንም አይደለሁም። ጠዋት አብሬው በመኪና ወጣሁ፤ ገፋሁት።»

ማሚቴ ተነስታ ፊቱ ቆመች።

«ሥሩን ይዞ ሳለ ምን አለዎት?»

ገለታ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

«‹ጋሼ፣ እጅህን ስጠኝ› አለኝ።»

«እርስዎስ?»

«እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩት።»