ፔዳሉን የሚረግጠው እግር

ስሙኝማ... ወሬ ማሳመር እንደምወድ ይሄ ቻናል ያውቃል። ድመቴ ስልክ አነሳች ያልኳችሁ ውሸት ነው፣ እሺ። ይሄኛውን ግን በዓይኔ በብረቱ ነው ያየሁት።

ሌሊት አልነበረም። መብራትም አልጠፋም።

ቀትር ነው... ስድስት ሰዓት... ፀሐዩ አናት ይበሳል።

ቤት ውስጥ እኔና ታላቅ እህቴ ብቻ ነን። እትዬ ትሰፋለች፣ እኔ እረግጣለሁ። ጉልበቷን ከታመመች ወዲህ የስፌት መኪናውን ፔዳል መምታት አትችልም። እሷ መርፌው ፊት ትቀመጣለች፣ እኔ ከጎኗ በርጩማ ላይ ሆኜ በአንድ እግሬ አስኬደዋለሁ።

"እኔ ስሰፋ አንተ ትቀድዳለህ" ትለኛለች ወሬ ሳበዛ። እንስቃለን።

እናታችን ስትሞት ተማምለናል። አንዳችን ያለ አንዳችን መኪናው ላይ ላንቀመጥ።

ከእሷ ሌላ ሰው የለኝም።

የዚያን ቀን መኪናው ስፌት ይዘል ጀመር። ሁለት ይወጋል፣ አንድ ይዘላል።

"መርፌው ደንዟል" አለች።

"ቆይ፣ መጀመሪያ ላጽዳው።"

ክሩን አወጣሁ። መርፌው ሥር ያለችውን ብረት በመፍቻ ፈታኋት። የጨርቅ ብናኝ ነው የጠበቅኩት።

ፀጉር ነበር።

የታችኛው ክር የሚጠቀለልባትን ቦቢን አወጣኋት... ክር የላትም። የተጠቀለለባት ፀጉር ነው። ጫፍ ጫፉ ቀይ።

እዚህ ሰፈር ፀጉሩን ቀይ ቀብቶ ሰው ያሳቀ አንድ ጅል ብቻ ነው ያለው። እኔ።

"እትዬ... ይሄ ምንድን ነው?"

ቀና አላለችም።

"መልሰህ ግጠመው።"

"የኔ ፀጉር እኮ ነው!"

"ግጠመው አልኩህ። ሂድና አዲስ መርፌ ገዝተህ ና... አትቸኩል።"

አትቸኩል? እትዬ? ውሃ ልጠጣ ስል እንኳ "ጠፋህ" የምትለዋ?

ቀልድ መሰለኝ። በቀልድ ልትበልጠኝ ነው ብዬ እየሳቅኩ ወጣሁ።

መርፌውን ይዤ ስመለስ ከደጅ ሰማሁት።

መኪናው እየሄደ ነው።

አይዘልም። አይንተባተብም። በኔ እግር እንዲያ ጥርት ብሎ ሄዶ አያውቅም...

በመስኮቱ አጮለቅኩ። እትዬ ቦታዋ ላይ ናት። ጉልበቷን ዘርግታለች።

ፔዳሉ ላይ ሌላ እግር አለ።

የጠፋብኝን ጫማ አድርጓል። ሱሪው የኔ ሱሪ ነው። ዓይኔን ከቁርጭምጭሚቱ ወደ ጉልበቱ፣ ከጉልበቱ ወደ ላይ ወሰድኩ...

ወደ ላይ ሰው የለም።

ሱሪው ጭኑ ጋ ሲደርስ ጨርቅ ይሆናል። ጨርቁ ጠረጴዛው ላይ ወጥቶ መርፌው ሥር ይገባል። እትዬ እየሰፋችው ነው። ከእግሩ ጀምራ ወደ ላይ።

"ቀስ... ቀስ በል ወንድምዬ" አለችው።

እኔን እንዲህ በለሰለሰ ድምፅ ጠርታኝ አታውቅም።

"እትዬ..." አልኩ በሹክሹክታ።

"መርፌውን መስኮቱ ላይ አስቀምጠውና ሂድ።"

"ተማምለን የለም እንዴ?"

"ከወንድሜ ጋር ነው የማልኩት።"

"እኔስ ማን ነኝ?"

ጨርቁን ወደ መርፌው ገፋ አደረገችው።

ያኔ ነው እጅጌዋ መርፌው ሥር የገባው። ቀዩ የፀጉር ስፌት እጅጌዋን ከጨርቁ ጋር እያያያዘ ወደ ክንዷ ወጣ።

"እትዬ፣ እጅሽን! ጎትቺው!"

"ተው... አትረብሸን።"

ለካ አልተያዘችም። ራሷ ናት እጅጌዋን ወደ መርፌው የምትገፋው። እየሳቀች። የኔን ቀልድ ሰምታ የምትስቀውን ሳቅ።

ፔዳሉ ላይ ያለው እግር ፈጠነ።

እትዬ ነፃ በቀረው እጇ መጋረጃውን ሳበችብኝ።