የተራራው ጣቢያ ተቀበለ

የሚያምነኝ ላይኖር ይችላል። ግን በራሴ ላይ የደረሰ ነው... ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና ስለሆነ አሳምሬ መዋሸት እንኳ አልችልበትም።

ዛሬ ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል፣ ፀሐይዋ ጠራራ። በልጄ ክፍል ውስጥ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጫለሁ።

ብቻዬን።

ልጄ የአማተር ሬዲዮ ፍቅር ነበረበት። ከጓደኞቹ ጋር ኮምፒውተሮቻቸውን በሬዲዮ አገናኝተው የራሳቸውን ትንሽ ኢንተርኔት ዘርግተዋል። ጣሪያ ላይ ወጥቶ አንቴና ሲሰቅል ገመዱን ከታች የምይዝለት እኔ ነበርኩ። ሁለቴ ሳብ ካደረገው «እማዬ፣ ልቀቂልኝ» ማለቱ ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት ተራራው ላይ አዲስ ጣቢያ ሊተክል ወጣ...

አልተመለሰም። ያገኘውም የለም።

ዛሬ አስር ሰዓት ላይ ማኅበራቸው ኃላፊ የሌላቸውን ጣቢያዎች ከመዝገብ ሊሰርዝ ነበር። የልጄም ከተሰረዘ ስሙ የሚገኝበት ቦታ የለም። በስሜ ላዞረው ተነሣሁ።

የማኅበሩ ጸሐፊ በስልክ መራኝ። በአንድ ጣት ስጽፍ ሰምቶ፣ ዶሮ ጥሬ ስትለቅም ይመስላል ብሎ አሳቀኝ። መልእክት በየት በኩል እቤቴ እንደሚደርስ መጻፍ አለብኝ። መንገዱ የሚጸድቀው ግን በሌላው ጫፍ ያለው ጣቢያም ሲቀበል ነው።

ልጄ ደብተሩ ላይ መጨረሻ የጻፈውን መንገድ ፊደል በፊደል ገለበጥኩ።

በተራራው ጣቢያ በኩል።

ጸሐፊው ያ ጣቢያ ሥራ እንኳ እንዳልጀመረ ነገረኝ። ቢሆንም ይላኩት አለኝ፤ መልስ እስኪመጣ ድረስ የልጅዎ ጣቢያ አይሰረዝም።

ላክሁት።

ወዲያው አንድ ቃል ወጣ። እንደ ልማዴ እየነጠልኩ አነበብኩት።

ተ...ቀ...ብ...ሏል።

«ማነው የተቀበለኝ?»

«እማማ...» የጸሐፊው ድምፅ ወደ ሹክሹክታ ወረደ። «እዚያ መብራት እንኳ የለም።»

ከሥሩ ቁጥር አለ፤ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። በመካከል ያሉ ጣቢያዎች፦ 4።

ዓይኔ እያየ 3 ሆነ።

2...

«ያጥፉት» አለኝ። «እማማ፣ አሁኑኑ ያጥፉት።»

እናት ነኝ። በየትኛው እጄ ላጥፋው?

1...

0።

ስልኩ ተቋረጠ።

ቤቱ ጭር አለ። ከጣሪያው በመስኮት የሚገባው የአንቴና ገመድ ትርፉ ጠረጴዛው ሥር ተጠቅልሏል። ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም አልነካውም።

ሳብ አለ።

ትንሽ ቆይቶ... ደግሞ ሳብ።

ለቀቅኩለት።

ጣሪያችን ከመስኮቱ ሦስት ክንድ አይርቅም። ገመዱ ግን ይህን ስጽፍላችሁም ቀስ እያለ... ወደ ላይ... እየሄደ ነው። ከጥቅልሉ የቀረው ሁለት ዙር ብቻ ነው።

ጫፉን ከሬዲዮው ነቅዬ ወገቤ ላይ አስሬዋለሁ።