አንድ ሰዓት እሳት የቻለው አግዳሚ

የፋብሪካው ፈታሽ በገዛ የእሳት መፈተኛ ክፍሉ ወለል ላይ በግንባሩ ተደፍቶ፣ ሞቶ ተገኘ። ማጅራቱ ተመቷል። አጠገቡ አንድ የከሰለ አግዳሚ ተጋድሟል፤ ቀርከሃ ተሰንጥቆ፣ በሙጫ ተጣብቆ፣ በማሽን ተጨምቆ የሚሠራ ሕንፃ ተሸካሚ።

መርማሪዋ ጧት በሦስት ሰዓት ደረሰች። ባልደረቦቿ «ልብ በሉ» የሚል ቅጽል ያወጡላት፣ ብትሞት የማትቸኩል ሴት ናት።

«አግዳሚው ወድቆበት ነው» አሉ የፋብሪካው ባለቤት። «ፈተናውን ግን አልፏል። ይኸው፣ ሙጫው አልለቀቀም። ፈተናው የሚጠይቀውን አንድ ሰዓት ሙሉ እሳት የቻለ ነው!»

«ባያልፍስ ኖሮ?»

«በዚሁ ሙጫ የተሠራ የተማሪዎች ማደሪያ አለ። ሁለት መቶ ሴት ልጆች ሰኞ ገብተውበታል። ውጤቱን ሳንጠብቅ ነው ያስገባናቸው፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።»

የሟች ታናሽ ወንድም አግዳሚ ጫኝ ነው። «ትናንት ከሰዓት አብረን ምድጃው ላይ ጭነን ወጣሁ። የሞተው እኮ ወንድሜ ነው፣ እትዬ! እኔን ነው እንዴ የሚጠረጥሩት?» ብሎ ፊቱን አዞረ።

ሙጫ ቀማሚው ግን ጨዋታ አዋቂ ነው። «እኔ እንኳን ሰው ልገድል፣ እዚህ ክፍል ፈተና ሲካሄድ አይቼም አላውቅ! የቀመመ ፈተና ላይ አይቆምም፤ የቤቱ ደንብ ነው። ደግሞ የኔ ሙጫ እሳት አይፈራም።»

መርማሪዋ አግዳሚውን ገልበጥ አደረገችው። ለረጅም ጊዜ አየችውና ሦስቱንም አስጠራች።

«ልብ በሉ» አለች። ማንም አልሳቀም። «የዚህ ምድጃ ነበልባል የሚወጣው ከታች ነው። እዚህ የተፈተነ ሁሉ የሚከስለው ከሆዱ ነው። አይደለም እንዴ?»

«ነው» አለ ወንድምየው።

«‹እሳት ካየው ምን ለየው› ይባላል። እኔ ግን በየት በኩል አየው ብዬ እጠይቃለሁ። የዚህ ጀርባው ከስሏል፤ ‹ታች› ተብሎ የተጻፈበት ሆዱ ግን ንጹሕ ነው። ወለል ላይ ተጋድሞ፣ በእጅ በሚያዝ የጋዝ ነበልባል ተለብልቧል። ስለዚህ የተፈተነው ይህ አይደለም፤ ያኛው ተሰውሯል። ባለቤቱ ፈተናውን ሲያዩ ኖረዋል። ወንድምየው በእጁ ይጭናል። እነሱ ቢሆኑ ሆዱን ያከስሉት ነበር። ገዳዩ ሲገባ ምድጃው ጠፍቶ፣ አግዳሚው ወርዶ ነበር። ነበልባሉ ከየት እንደሚመጣ የማያውቅ ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ሙጫ ቀማሚው ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም። «የተፈተነው አግዳሚ በአሥራ አምስት ደቂቃ እንደ ሽንኩርት ተላላጠ» አለ ቀስ ብሎ። «ፈታሹም ‹ልጆቹን አሁኑኑ ላስወጣ› አለኝ። ጥቂት ቀን ዝም በል፣ እኔው አስተካክለዋለሁ ብዬ ለመንኩት። ሃያ ዓመት የተከበርኩበት ሙጫ እኮ ነው! እምቢ አለ።»

«ወይኔ ወንድሜን!» አለ ጫኙ።

ባለቤቱ ወደ ማደሪያው ደወሉ። ስልኩ ሲነሳ ወንድምየው ከእጃቸው ተቀበለ። ከወዲያ የልጃገረዶች ሳቅ ይሰማል።

«ማን ልበል?» አለ የማደሪያው ዘበኛ።

«ፈታሹ ነኝ» አለ ወንድምየው፣ እንባው እየወረደ። «ልጆቹን ሁሉ አስወጣቸው። አንዲትም እንዳትቀር።»